አዲስ ነገር ሁሉ ውሃ ይጠጣል

አባቴ ጡረታ ሲወጣ አላለቀሰም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እሱም ከስምንት ወር በኋላ፣ ከሥራ ስመለስ የወጥ ቤቴ ግድግዳ ላይ ጭንቅላት የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፍቶ ሲጠብቀኝ።

«ይሄ ምንድን ነው አባዬ?»

«ግድግዳሽ ሁለት ጣት አዘንብሏል።»

«ዘጠኝ ዓመት ኖሬበታለሁ እኮ!»

«እንግዲያው ዘጠኝ ዓመት ተታለሻል» አለና አቧራውን ከቅንድቡ ላይ አራገፈ።

አባቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት በግንባታ ሥራ የኖረ ሰው ነው። ባሬላ ተሸክሞ ጀመረ፣ ግንበኛ ሆነ፣ በመጨረሻም ፎርማን። ሠራተኞቹ ፊት ለፊት «አለቃ» ይሉታል፤ ዞር ሲል ግን ስሙ «አፍርስ» ነበር። ጠዋት ሲገባ ቱንቢውን፣ ያቺን በሲባጎ የምትንጠለጠል ሹል ብረት፣ ግድግዳው ላይ ይለቃታል፤ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ ከአፉ የሚወጣው ቃል አንድ ነው። ስንቱ ግንበኛ ትናንት የደረደረውን ብሎኬት ዛሬ እያወረደ እንደረገመው እግዜር ይወቀው።

ጉልበቱ እምቢ ሲለው ሥራውን ተወ። በዚያው ዓመት እናቴ ሞተች። ብቻውን አይኖርም ብዬ ቤቴ አመጣሁት። ክፍል ሰጠሁት፣ አልጋ ሰጠሁት፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞት በክብር አስረከብኩት። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እሱ ግን ቴሌቪዥኑን ትቶ ቴሌቪዥኑ የተሰቀለበትን ግድግዳ ያይ ጀመር። በሩ ይጎረብጠዋል፣ ወለሉ ወደ መስኮቱ ያደላበታል፣ የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ የሰነፍ እጅ ሥራ ነው። ከቀዳዳው በኋላ ግን አላስቻለኝም። የመሣሪያ ሣጥኑን ከነቱንቢው፣ ከነውሃ ልኩ፣ ከነመዶሻው ዕቃ ቤት ቆለፍኩበትና ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ጣልኩት። አባቴ ባዶ እጁን ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ።

እኔ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነኝ። አሥራ አራት የአራት ዓመት ልጆች አሉኝ፤ ሃያ ስምንት ያልታሰረ የጫማ ክር ማለት ነው። በዚያ ወር የትምህርታችን ርእስ «ግንባታ» ነበር። የእንጨት ብሎኮች፣ የጫማ ካርቶኖች፣ የአሸዋ ገበታ፣ መጫወቻ ገልባጭ መኪናዎች አዘጋጅቼ፣ ልጆቹ ቅርጽና ቁጥር እየተጫወቱ እንዲማሩ ዕቅዴን ጽፌ ጨርሻለሁ። እሑድ ከሰዓት ሳሎን ቁጭ ብዬ በቢጫ ወረቀት የግንበኛ ቆብ ስቆርጥ አባቴ አየኝ።

«ምንድን ነው?»

«ሄልሜት ነው፤ ለልጆቹ።»

«ከወረቀት?»

«አባዬ፣ ቢወድቅባቸው የሚወድቀው የጫማ ካርቶን ነው።»

«መውደቁን ግን አልካድሽም» አለ።

ሰኞ ጠዋት ልወጣ ስል በር ላይ ቆሟል። ጢሙን ተላጭቷል። የሥራ ሱሪው ተተኩሷል፤ የሥራ ሱሪ ሲተኮስ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። እውነተኛው ቢጫ ሄልሜት ብብቱ ሥር አለ። «ለአንድ ቀን ብቻ ልያቸው» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ልመና ነበረበት። አባቴ ሲለምን ሰምቼ አላውቅም፤ ስለዚህ እሺ አልኩ።

ዳይሬክተራችን ከወላጅ ቅሬታ በቀር ምንም የማትፈራ ሴት ናት። አባቴን ከእግር እስከ ራስ ካየችው በኋላ «እስከ ዓርብ እንሞክራቸው» አለችኝ። «ወላጅ ካልተማረረ የግንባታ ጥጉን ለእሳቸው እንሰጣለን፤ በየቀኑ ይመጣሉ።»

«ወላጅ ከተማረረስ?»

«እንግዲህ ቤታቸው ያርፋሉ።»

ቤታቸው ማለት ቤቴ ነው። ገና ያልተነካው የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ትዝ አለኝና ለዓርብ መጸለይ ጀመርኩ።

አባቴ ልጆቹን በሰልፍ አቆማቸው። «የሥራ ቦታ ላይ አይሮጥም» ሲል ሁሉም ሮጡ። እንደገና ሰበሰባቸው። ከዚያ ወደ መጀመሪያዋ የብሎክ ማማ ሄደ። ቱንቢው እኔ ዘንድ እስረኛ ስለነበረ የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በሲባጎ አሰረና ከማማዋ ጫፍ ቁልቁል ለቀቃት። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። አሥራ አራቱም አንድ ዓይናቸውን ለመጨፈን ሞከሩ፤ አብዛኞቹ ሁለቱንም ጨፈኑ።

«አፍርስ!» አለ አባቴ።

እኔ ልጆቹ ያለቅሳሉ ብዬ መሐረብ ፍለጋ እጄን ኪሴ ከትቻለሁ። እነሱ ግን ጣሪያው እስኪነቃነቅ በደስታ ጮኹ። ለካ የአራት ዓመት ልጅ ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ የኖረው ይህን ትእዛዝ ነው! ማማዋ ተናደች፤ እንደገና ተሠራች፤ ሆን ተብላ ተጣመመች፤ ሁሉም «ፎርማን! ፎርማን! ናልኝ፣ የኔ ጠሟል!» እያሉ እጁን ይጎትቱት ጀመር። «አፍርስ» የሚለው ቃል በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አስደስቶ አያውቅም ነበር። አባቴ መሃላቸው ቆሞ፣ ሁሉም የሚፈልገው አለቃ ሆኖ፣ ጆሮው እስኪቀላ ሳቀ።

እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። እኔ በሥዕል ካርድ ወር ሙሉ የለፋሁበትን ቁጥር እሱ በአንድ ቀን አስቆጠራቸው። «በአንድ ረድፍ ስምንት ብሎክ፤ ሰባት ከሆነ ግድግዳው ጥርሱ ወልቋል» ይላል፤ እነሱም የጎደለውን ጥርስ ፍለጋ ምንጣፉ ሥር ይገባሉ። ማዕዘን ምን እንደሆነ በክርናቸው አሳያቸው። ከሁሉ የበረታችው አንዲት አራት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጅ ነበረች፤ ሁሉን ነገር ካልነካችና ካልጠየቀች አታልፍም። አባቴ «ኢንስፔክተር» ብሎ ሾማት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሌላ ስም ስትጠራ አልሰማም አለች።

ጣጣው የመጣው በግቢው ቧንቧ በኩል ነው። ቧንቧው ሥር የማይደርቅ ጭቃ አለ፤ በየቀኑ አንድ ልጅ ይወድቅበታል። አባቴ አይቶ ማለፍ አልሆነለትም። ሰኞ ከሰዓት በእንጨት ክፈፍ ሠራ፤ ልጆቹን ከሲባጎ ጀርባ አቆመ፤ «ሲሚንቶ እጅ ይበላል፤ እናንተ በዓይናችሁ ብቻ ሥሩ» አለና ትንሽ አርማታ ሞላ። ልጆቹም በበኩላቸው አሸዋና ውሃ በባልዲ ሲያቦኩ ዋሉ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እንዲሉ የእነሱ ወደ ጫማቸው ፈሰሰ፤ የእሱ ግን ልክ እንደ ጠረጴዛ ተነጠፈ።

«አለቀ?» አለች ኢንስፔክተር።

«አላለቀም። ነገ ውሃ ማጠጣት ትጀምራላችሁ። ሰባት ቀን፤ ጠዋትና ከሰዓት።»

«ካልጠጣስ?»

«ይሰነጠቃል።»

«ለምን?»

«አዲስ ነዋ! አዲስ ነገር ሁሉ ውሃ ይጠጣል። ካልጠጣ ይሰነጠቃል።»

እኔ እዚያው ነበርኩ። ሰምቻለሁ። እንደ ቁም ነገር ራሴንም ነቅንቄያለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው።

ማክሰኞ ልጆቹ የየራሳቸውን የፕላስቲክ ኩባያ ይዘው፣ ተሰልፈው፣ አንዳንድ ኩባያ አፈሰሱ። በቅድስና ነበር የሚያፈሱት። ከሩጫ በቀር አያውቁም የምላቸው ልጆች አንድ ጠብታ እንዳይፈስ በእግር ጣታቸው ይራመዱ ነበር። አባቴ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካ ያደርግና «ይዟል» ይላል፤ ጠንክሯል ማለቱ ነው። ልጆቹም ተራ በተራ ነክተው «ይዟል» ይላሉ።

ረቡዕ ጠዋት አንዲት እናት መጣች። አዲስ ሶፋ ገዝተው ነበር። ልጇ ከመተኛቱ በፊት ሁለት ጆግ ውሃ አጠጥቶታል። «ለምን ብዬ ብጠይቀው እንዳይሰነጠቅ አለኝ» አለች፤ ሳቅና ለቅሶ ባንድ ላይ ፊቷ ላይ ይተናነቃሉ። ከእሷ ቀጥሎ አንድ አባት አዲስ ስልኩን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። የእሱ ልጅ ብልህ ናት፤ ከላይ ማፍሰስ ሳያስፈልጋት ብርጭቆ ውስጥ ዘፈቀችው። ጠዋትና ከሰዓት ከምትመላለስ በአንዴ ይጥገብ ብላ ነው። ከሰዓት ደግሞ አራስ እናት በስልክ ደወለች። ትልቁ ልጇ ከተወለደ ስድስት ቀን የሆነውን ወንድሙን እግሩን በማንኪያ ውሃ ሲያርስ ደርሳበታለች። «ተወው ስለው አንድ ቀን ነው የቀረው ብሎ ተቆጣኝ።»

አባቴን ጠርቼ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ፊቴን አየና ሳቁን ዋጠ። «ነገ አስተካክላለሁ» አለ።

ነገ ግን ዘግይቷል። ዳይሬክተሯ ረቡዕ ማምሻውን አዲስ ወንበር መጥቶላት ነበር፤ የሚሽከረከር፣ ወፍራም ስፖንጅ ያለው። ሐሙስ ጠዋት ከእሷ ቀድመው ኢንስፔክተርና ሁለት ረዳቶቿ ቢሮ ገቡ፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ኩባያ። ዳይሬክተሯ ገብታ ተቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሳች። ቀኑን ሙሉ ትልቅ ፋይል ከኋላዋ ይዛ ነበር የዋለችው፤ ማንም ሊጠይቃት አልደፈረም።

«ዓርብ ወላጆችን ጠርቻለሁ» አለችኝ። «አባትሽም ይገኙ።»

ቤት ስንሄድ አባቴ አውቶቡስ ውስጥ ሄልሜቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ያሻሸው ነበር። «ወደ ቤት ትመልሰኛለች አይደል?» አለኝ።

«እንግዲህ ...» አልኩ።

ዓርብ ስብሰባው የተደረገው በእኔ ክፍል ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው የልጆች ወንበር ብቻ ስለሆነ ወላጆች ጉልበታቸው ጆሯቸው ጋ ደርሶ ተቀምጠዋል። እንደዚያ ተቀምጦ መቆጣት ከባድ ነው፤ ግን ታገሉ። የሶፋዋ እናት ተናገረች። የስልኩ አባት ስልኩን አውጥቶ አሳየ፤ ከመስታወቱ ሥር ትንሽ ውሃ ወዲያና ወዲህ ይላል። አራሷ እናት ሕፃኑን ታቅፋ መጥታለች። ዳይሬክተሯ ሁሉን ሰማች። ቆማ ነበር የሰማችው።

አባቴ ተነሳ። ሰበብ ይደረድራል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ «ልጆች ናቸው» ይላል፣ ወይም «እኔ ስለ ሲሚንቶ ነው የተናገርኩት» ይላል። «ልጆቹን አትቆጧቸው» አለ። «የታዘዙትን ሠርተዋል፤ ያውም ሳይቆጥቡ። ግድግዳ ከጠመመ የሚጠየቀው ፎርማኑ ነው። እኔ የሰጠኋቸው ልክ ጎደሎ ነበር።» ከዚያ ሄልሜቱን አወለቀና ለዳይሬክተሯ ዘረጋላት። ፀጉሩ ላይ የሄልሜቱ ቀለበት ምልክት ቀርቷል። ዳይሬክተሯ ተቀበለችው። ምን እንደምታደርገው ግራ ገብቷት በሁለት እጇ ያዘችው። እኔ ወለሉን አየሁ።

አለቀ ስንል በሩ ተከፈተ። ረፋድ ነው፤ አርማታው የሚጠጣበት ሰዓት። ከጎን ክፍል አስተማሪ ጋር የቆዩት አሥራ አራቱ ልጆች ኩባያቸውን ሞልተው፣ በሰልፍ፣ በክፍሉ በኩል ወደ ግቢ ሊያልፉ ነው። ፊት ፊት ኢንስፔክተር አለች። አባቴ ባዶ ራሱን ቆሞ ስታየው ቆመች፤ ከኋላዋ ያሉት እርስ በርስ ተጋጩ።

«ፎርማን፣ ሄልሜትህስ?»

«አስረከብኩ ልጄ። ሥራው አለቀ።»

ኢንስፔክተር አሰበች። ኩባያዋን ለጎረቤቷ አስያዘችና በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። «ሰኞ ነው የመጣው። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ።» አምስቱንም ጣቶቿን እያየች ዓይኗ ፈጠጠ። «ፎርማንም አዲስ ነው! አምስት ቀን ሙሉ አላጠጣነውም!»

በልጆቹ መካከል የወረደው ድንጋጤ የሚነገር አይደለም። አንዱ «ኧረ በስማም!» አለ፤ ከአያቱ የተማረው ነው። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ተሰለፉ። ኢንስፔክተር የመጀመሪያዋን ኩባያ በግራ ጫማው ላይ አፈሰሰች፤ ቀጣዩ በቀኙ። ሦስተኛው ረዘም ያለ ስለሆነ ጉልበቱ ላይ፤ ያውም የሚያመው ጉልበቱ ላይ። አባቴ አልተንቀሳቀሰም። እጆቹን ወደ ጎን ትንሽ ከፈት አድርጎ፣ እንደ ቆመ ምሰሶ፣ አሥራ አራቱንም ኩባያ ተቀበለ። የተኮሰው ሱሪ ከጉልበቱ በታች ተጣበቀበት። ውሃው ወለሉ ላይ ሄዶ የስልኩ አባት ወንበር ሥር ሲደርስ ሰውየው እግሩን አነሳ። አራሷ እናት የመጀመሪያዋን ሳቅ ሳቀች፤ ከዚያ ማን ይያዛቸው!

ኢንስፔክተር ግን ሥራ ላይ ነበረች፤ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞረች።

«ቲቸር፣ ካንቺ ቤት ነው አይደል የሚመጣው?»

«አዎ።»

«አንቺ ቤት አዲስ ሆኖ ሲመጣ አጠጣሽው?»

የሰጠሁትን በልቤ ቆጠርኩ። ክፍል፣ አልጋ፣ ሪሞት። ወራት ሙሉ። የቆለፍኩት ሣጥን ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። «አላጠጣሁትም» አልኩ።

«ለዚህ ነዋ!» አለችና በትንሿ ጣቷ ወደ አባቴ ፊት፣ ወደ ግንባሩና ወደ ጉንጩ ጠቆመች። «እዪው፣ ተሰነጣጥቋል።»

አፈርኩ። ሰው ፊት ነው ያፈርኩት፤ በአራት ዓመት ልጅ ነው ያፈርኩት። አባቴ አላየኝም፤ እርጥብ ጫማውን ነበር የሚያየው።

ዳይሬክተሯ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እሺ ልጆች፣ ጥሩ። አሁን ፎርማን አንድ ነገር ያስተካክሉልናል።» አባቴም ገባውና ወደ ልጆቹ ጎንበስ አለ፤ «ስሙኝ። ተሳስቼ ነው የነገርኳችሁ። ውሃ የሚጠጣው አዲስ ነገር ሁሉ አይደለም። ሲሚንቶ ያለበት ብቻ ነው። ሶፋ ሲሚንቶ አለበት?»

«የለበትም!»

«ስልክስ?»

«የለበትም!»

«ሕፃንስ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ክርክር ተነሳ፤ በመጨረሻ የለበትም ተባለ።

«አንተስ?» አለች ኢንስፔክተር። «አንተ ሲሚንቶ አለብህ?»

አባቴ እጆቹን ዘርግቶ አያቸው። የጥፍሮቹ ጠርዝ፣ የጣቶቹ ስንጥቅ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳሙና ያላስለቀቀው ግራጫ። ቱንቢ የያዘ ሰው መዋሸት አይችልም።

«አለብኝ» አለ።

«እንግዲያው ሁለት ቀን ይቀርሃል።»

«የለም» አለ አባቴ፤ ፎርማንነቱ ሳያስበው አፉን ቀደመው፤ «ያልጠጣ ቀን አይቆጠርም። ከዛሬ ነው የሚጀመረው።»

ኢንስፔክተር ወደ ዳይሬክተሯ አንጋጠጠች። ወላጆችም ወደ ዳይሬክተሯ አንጋጠጡ፤ በእነዚያ ወንበሮች ላይ ሆኖ ሌላ ማየት አይቻልም። ዳይሬክተሯ ሄልሜቱን አገላብጣ አየችው። «ሰባት ቀን ካላለቀ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለችና መለሰችለት። የስልኩ አባት «የኔስ ስልክ?» ብሎ ነበር፤ የሶፋዋ እናት በክርኗ ጎሸመችው።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃ ቤቱን ከፈትኩ። ሣጥኑ ከባድ ነው፤ እየጎተትኩ ወጥ ቤት አደረስኩት። አባቴ ጋዜጣ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ቱንቢውን አውጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ሁለት ጣት ነው ያልከኝ?»

«ሁለት ጣት ከሩብ» አለ በጥንቃቄ።

«አፍርስ» አልኩት።

እንደ ኢንስፔክተርና እንደ ጓደኞቿ ነው የጮኸው። ጎረቤት እሳት የተነሳ መስሎት በር አንኳኳ። ቅዳሜና እሑድ የበላነው የብሎኬት አቧራ ነው፤ በልጅነቴ የምግብ ሣህን ይዤለት ሥራ ቦታ ስሄድ ያላወራኝን ሁሉ፣ ስለ እናቴም ጭምር፣ ባልዲ እያቀበልኩት አወራኝ። ግድግዳው በማግሥቱ ቆመ። ቱንቢዋን ለቅቆ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፤ እኔም ጨፈንኩ፤ ምንም አላለም። ምንም ካላለ ቀጥ ብሏል ማለት ነው።

መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ልጆቹ አባቴን ሰባቱን ቀን አጠጥተው ጨረሱ። ለዚህ ሲባል ጎማ ቦቲ ጫማ አደረገ። በመጨረሻው ቀን ኢንስፔክተር ጉልበቱን በጣቷ ነካ አድርጋ «ይዟል» አለች። ዳይሬክተሯ ስለ መቀጠል ስለ አለመቀጠል ቃል አልተነፈሰችም። ብቻ በማግሥቱ ኮሪደሩ ላይ፣ ከአሥራ አራቱ የልጆች ማንጠልጠያ ቀጥሎ፣ አሥራ አምስተኛ ተመትቷል። የልጆቹ ላይ ወፍ፣ ዓሣ፣ አበባ ተስሏል፤ የእሱ ላይ ባልዲ። ቁመቱ ለአራት ዓመት ልጅ ነው፤ አባቴ ሄልሜቱን ሊሰቅል በየቀኑ ያንን ጉልበቱን ይዞ ያጎነብሳል፤ ከፍ እናድርገው ብንለው እምቢ አለ።

የወጥ ቤቱ ልስን ግን ዘግይቶ ነው የተመታው፤ ዛሬ ገና አራተኛ ቀኑ ነው። ይህን ስጽፍ አባቴ ከሳሎን እየተጣራ ነው። ተነስቼ ሁለት ጆግ ልሙላ፤ አንዱ ለግድግዳው ነው።